የእናቴን የስኳር መለኪያ ቀይሩ ተባልን፤ እምቢ ማለት ይቻላል?

የአራት ኪሎዋ (ለንደን)

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ስኳር ከያዛት 19 ዓመት ሆኗታል፣ ኢንሱሊን ከጀመረች 6። የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ባለፈው ሳምንት ከጂፒያችን (ከሰፈሩ ሐኪማችን) ደብዳቤ መጣ። ከሚቀጥለው ፕሪስክሪፕሽን ጀምሮ የሚታዘዝላት የአንድ አዲስ መለኪያ ስትሪፕ (ደሙን የምናስነካት፣ መለኪያው ላይ የምትሰካው ቁራጭ) ብቻ ነው፤ መለኪያውን ከፋርማሲ በነጻ ውሰዱ ይላል። ምክንያት ብለው የጻፉት አንዲት መስመር ነች፦ አካባቢው ከአሁን በኋላ በአንድ ዓይነት መለኪያ ይሠራል። አለቀ።

ለሌላ ሰው ይሄ ምንም ላይሆን ይችላል። እናቴ ግን እንግሊዝኛ አታነብም። የድሮውን መለኪያ ለማስለመድ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። አሁን በጣቷ ነው የምታውቀው። ሌሊት ስትነሳ እኔን ላለመቀስቀስ መብራት ሳታበራ ስትሪፑን ሰክታ፣ ጣቷን ወግታ፣ በሹክሹክታ እስከ አምስት ትቆጥራለች። የመለኪያው መስኮት ሲበራ ብቻ ታየዋለች። ቦርሳውን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ ትራስጌዋ ታስቀምጠዋለች። ባዶውን የስትሪፕ ብልቃጥ እንኳ አትጥልም፤ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ታስቀምጥበታለች። ክዳኑ ጠበቅ ያለ ነው፣ ሽታ አያስወጣም ትላለች።

ቅዳሜ ጠዋት አዲሱን ሞከርነው። ከአንድ ጣት፣ ከአንድ ጠብታ ደም፣ የድሮው 5.8 አለ፣ አዲሱ 6.9 (እዚህ የሚለካው በሚሊሞል ነው)። ከሰዓት ደግሞ ለልጆቹ ብርቱካን እየላጠች ሳለ እስቲ እንደገና እንየው አልኳትና በአዲሱ ለካች። 14.2! ደነገጥኩ። ሮጣ ወጡን ከእሳት አውርዳ፣ እጇን ታጥባ ተመልሳ በድሮው ብትለካ 7.6። «ይሄ ውሸታም ነው፣ ለሰጡሽ መልሺላቸው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልነካውም ብላለች።

ጥያቄዬ፦ እምቢ ብንል ምን ይመጣል? የድሮውን ስትሪፕ ከኪሴ ልግዛ? ደግሞ በጥር ለሦስት ወር አዲስ አበባ ትሄዳለች፣ የትኛውን ይዛ ትሂድ? ለመሆኑስ ይሄን የሚወስነው ሐኪም ነው ወይስ ሒሳብ ሹም?

ባለ መድኃኒቱ

እህቴ፣ እዚሁ ለንደን ፋርማሲስት ነኝ። ደብዳቤሽ ዓይነቱ ሰሞኑን በየቀኑ እጄ ይገባል።

መጀመሪያ ስለ 14.2። እናትሽ ብርቱካን እየላጡ ነበር አልሽ። መለኪያው አልዋሸም፣ የለካው የብርቱካኑን ጭማቂ ነው። ጣት ላይ የቀረ የፍራፍሬ ስኳር ጠብታዋ ውስጥ ሲገባ ቁጥሩን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። ታጥበው ሲመለሱ 7.6 የሆነውም ለዚህ ነው። በዚያች 14.2 ተነስተሽ ኢንሱሊን ጨምሪ ብትያቸው ኖሮ ማታውን ስኳራቸው ወርዶ ታገኚያቸው ነበር። በአልኮል መጥረግ ሳይሆን በውሃና ሳሙና መታጠብ፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ። እርጥብ ጣት ደግሞ ደሙን ያቀጥነዋል።

5.8 እና 6.9 ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ለነዚህ መለኪያዎች ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ እ.ኤ.አ. የ2013ቱ አይሶ 15197 ይባላል። ከ5.6 ገደማ ወደ ላይ ላለ ስኳር፣ ከ100 ልኬት 95ቱ ላቦራቶሪ ከሚያወጣው በ15 በመቶ ከፍ ወይ ዝቅ ብለው ቢገኙ መለኪያው አለፈ ይባላል። የእናትሽ እውነተኛ ስኳር 6.3 ነው እንበል። ከ5.4 እስከ 7.2 ያለው ሁሉ ይፈቀዳል ማለት ነው። ያው የድሮው መለኪያ ራሱ ሁለቴ ቢለካ አንድ ዓይነት ቁጥር አይሰጥሽም። ሞክሪው። ልብሽ ካላረፈ ለአምራቹ ደውይና ኮንትሮል ሶሉሽን የሚባለውን መፈተሻ ፈሳሽ ጠይቂ፤ አብዛኞቹ በነጻ ይልካሉ። የሚጠበቀው ቁጥር ስትሪፑ ብልቃጥ ላይ ተጽፏል።

ሒሳብ ሹም ላልሽው፣ ሁለቱም ናቸው። መለኪያውማ ርካሽ ነው፣ ኩባንያዎቹ ራሳቸው በነጻ ያድሉታል። ገንዘቡ ያለው ስትሪፑ ላይ ነው። አንድ ሰው በቀን አራት ጊዜ ቢለካ በዓመት ከ1,400 በላይ ስትሪፕ ይጨርሳል። የአንዱ ስትሪፕ ሌላው ውስጥ አይሠራም፤ ስለዚህ መለኪያውን የሰጠሽ ለዓመታት ደንበኛ አደረገሽ። የእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት፣ ኤንኤችኤስ ኢንግላንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የተገመገሙ መለኪያዎችና ስትሪፖች ዝርዝር አወጣ። ከአንድ በላይ ኩባንያ አለበት። ከዚያ ውስጥ የየአካባቢው ቢሮ ይመርጣል።

እምቢ ማለት ትችያለሽ ወይ? «አልፈልግም» ብቻ ካልሽ አይሰሙሽም። «አይን አይሰራላትም፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊት ብቻዋን ነው የምትለካው» ካልሽ ግን ይሰማሉ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ኬቶን (ኢንሱሊን ሲያንስ ደም ውስጥ የሚጠራቀም አሲድ) የሚለካ፣ መለኪያው ከኢንሱሊን ፓምፕ ጋር የተያያዘ ሰው፣ እነዚህ ልዩ ሁኔታ ተብለው ይታያሉ። የስኳር ነርሷን በስልክ አግኚያት፣ ደብዳቤ አትጻፊ። ከኪስሽ መግዛቱን ለጊዜው ተይው።

የአራት ኪሎዋ

ብርቱካኑ! ለእማዬ ስነግራት ሳቀች፣ ከዚያ ተቆጣች። «ታዲያ ስልክሽን ታያለሽ እንጂ እጅሽን ታጠቢ አትይኝም ነበር?» አለች። ለመሆኑ የድሮው ራሱ ሁለቴ ሲለካ ይለያያል ያልከውን ሞክረነዋል። 6.1 እና 6.6። አፈርኩ።

ጤና በቤቱ

ጠዋት ጠዋት ሽፈራው አፍልታ ትጠጣ። መለኪያም ኢንሱሊንም አያስፈልጋትም። አጎቴ በሽፈራው ነው የዳነው።

ባለ መድኃኒቱ

ወንድሜ፣ ሽፈራውን ከወደዱት ይጠጡት። ኢንሱሊን የሚወጉ ሴትዮ ግን መለካት አቁሙ አይባሉም። እባክህ እንዲህ ያለውን እዚህ አትጻፍ፣ የሚሰማህ ሰው አለ።

የኦክላንዱ አባት

የአራት ኪሎዋ፣ እኔ ኒውዚላንድ ነኝ። አሁን እናንተ ላይ የመጣው እኛ ላይ በመላው አገር መጥቶ ነበር። በአንድ ከተማ አይደለም፣ በመላው አገር ነው የምልሽ። እንዴት እንዳለፍነው ልንገርሽ፣ ምናልባት ይጠቅምሻል።

እዚህ ፋርማክ የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመ ነው። ሥራው የትኛው መድኃኒት በሕዝብ ገንዘብ እንደሚሸፈን መወሰንና ዋጋ መከራከር ነው። በጀቱ የተወሰነ ነው፤ አንዱ ላይ ያተረፉትን ሌላው ላይ ያውሉታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የስኳር መለኪያና ስትሪፕን ለአንድ አቅራቢ ብቻ ሰጡ። ኬርሴንስ ይባላል፣ ደቡብ ኮሪያ ያለው አይ-ሴንስ ነው የሚሠራው። ሦስት ሞዴል ነበረው፣ ምርጫችሁ ከሦስቱ ነው ተባልን። ከ100 ሺህ በላይ ሰው መለኪያ ቀየረ። ይተርፋል የተባለው በዓመት 10 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ገደማ ነበር።

ጫጫታው ቀላል አልነበረም። ፊርማ ተሰብስቧል። ሰው በየስብሰባው ሁለት መለኪያ ይዞ እየመጣ ልክ እንዳንቺ «ይሄው 5፣ ይሄው 6» ይል ነበር። እኔም አንዱ ነበርኩ። ልጄ ያኔ 9 ዓመቷ ነው፣ ታይፕ 1 የሚባለው፣ ሰውነት ራሱ ኢንሱሊን የማይሠራበት ስኳር አለባት። ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ መለኪያ ላይ ኖረናል። የእሱን ቁጥር እንደ ጸሎት አምነነዋል። አንድ ቀን ተነስተው ሌላ እመኑ ሲሉሽ ያናድዳል። ከቁጥሩ ይልቅ ያናደደኝ ማንም አለመጠየቁ ነበር።

ፋርማሲ ሄድን። ፋርማሲስቷ የድሮውን ተቀበለችን፣ አዲሱን አሳየችን፣ አሥር ደቂቃም አልፈጀ። ቤት ገብተን ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ለመድነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ መለኪያው ደህና ነበር። ኋላ ላይ ክሊኒክ ውስጥ ከላቦራቶሪ ውጤት ጋር ስናስተያየው ምንም የሚያስከፋ ነገር አላየንም።

ጉድ የሠራን ሌላ ነገር ነው። ትምህርት ቤት አንድ መለኪያ እናስቀምጥ ነበር፣ በመምህሯ መሳቢያ ውስጥ። ከላዩ ላይ ፎቶ ያለው ወረቀት ተለጥፏል፦ ይሄን ክፈት፣ ይሄን ስካ፣ ከ4 በታች ከሆነ ጭማቂ ስጣት። የቤቱን ቀየርን፣ የመኪናውን ቀየርን፣ የአያቷን ቀየርን። የትምህርት ቤቱን ረሳነው። ስትሪፑ ሲያልቅ ከቤት አዲስ ብልቃጥ ላክን። አዲስ ስትሪፕ፣ የድሮ መለኪያ! አይገጥምም። አንድ ረቡዕ ከስፖርት በኋላ ልጄ ላብ በላብ ሆና ስትንቀጠቀጥ ምትክ መምህሩ ያን ስትሪፕ ለማስገባት ሲታገል ቆየ። ከወዲያ ወዲህ አገላበጠው፣ ገፋው፣ ነፋበት። በመጨረሻ እሷው ራሷ «ጭማቂውን ስጠኝ፣ ቁጥሩን ተወው» አለችው። የ9 ዓመት ልጅ! ደውሎ ሲነግረኝ እኔም መቆም አቃተኝ። የማንም ጥፋት አልነበረም፣ የእኔ ነበር።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። ከቀየራችሁ ሁሉንም በአንድ ቀን ቀይሩ። የቦርሳውን፣ የትራስጌውን፣ የጎረቤቱን። አንድም የድሮ ስትሪፕ ከአዲሱ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ አይደር።

አንድ ብቻ መሆኑ ልክ ነው ወይ? ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስንት ጊዜ ከራሴ ጋር ተከራክሬበታለሁ። ዋጋ ለማስቀነስ «ገበያውን በሙሉ ላንተ» ከማለት የበለጠ ጉልበት የለም፣ እሱን አምኛለሁ። አምስት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያለው አገር ሌላ ምን መደራደሪያ አለው? የማይዋጥልኝ ግን አንድ ነገር አለ። ያ አንድ አቅራቢ አንድ ቀን ቢያነክስ፣ መርከቡ ቢዘገይ፣ ስትሪፑ ላይ እንከን ቢገኝ፣ ሁለተኛው ማነው? ያኔ ስብሰባ ላይ ይሄን ጠየቅሁ። ውል አለ፣ መጠባበቂያ ክምችት አለ አሉኝ። ስትሪፕ የሌለው ሰው ክምችት አለ ሲሉት መጋዘኑን ካላየ አያምንም። እናንተም ነርሷን ጠይቋት።

ልጄ አሁን 21 ሆናለች። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ለታይፕ 1 ስኳርን ያለማቋረጥ የሚለካው ሴንሰር በመንግሥት ተሸፍኗል፤ ክንዷ ላይ ለጥፋ ትዞራለች። ስትሪፕ መሳቢያዋ ውስጥ አለ፣ የምትነካው ግን አልፎ አልፎ ነው። እኔ ነኝ አሁንም ቀኑ እንዳላለፈበት የማየው።

የሌሊት ሹፌር

እህት፣ አጭር ነገር ልጨምር። እኔ እዚሁ ለንደን ሚኒካብ (ታክሲ) እነዳለሁ፣ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ለኛ ከመንዳታችን በፊት በ2 ሰዓት ውስጥ መለካት ግዴታ ነው፣ ከዚያ እየነዱ በየ2 ሰዓቱ። ከ5 በታች ከሆነ በልተህ ነው የምትነሳው። ለመንጃ ፈቃድ የሚመረምረን ሐኪም ታዲያ መለኪያው ውስጥ የተቀመጠውን ቁጥር ራሱን ማየት ይፈልጋል፣ በደብተር የጻፍከውን አይደለም። እኔ መለኪያ ስቀይር የድሮውን ጣልኩት። የወራት ልኬት አብሮ ሄደ! ምርመራዬ ለሳምንታት ተገፋ፣ ሥራም ፈታሁ። እናትሽ ባይነዱም የድሮውን አትጣይው። ቀጠሯቸው እስኪደርስ አስቀምጪው። ሰዓቱንና ቀኑን አዲሱ ላይ መሙላትም አትርሺ፣ ብዙ ሰው ይዘለዋል።

ሲስተር ነኝ (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። እናንተ አንድ ብቻ ሆነብን ትላላችሁ። እኛ አንድ በሆነልን።

የምሠራው የመንግሥት ሆስፒታል የስኳር ክትትል ክፍል ነው። መሳቢያዬን ዛሬ ቆጠርኩት። 11 መለኪያ አለ፣ ስድስት ዓይነት። ሁሉም ይበራሉ። ስትሪፕ ያለው አንዱ ብቻ ነው። አንዱ በእርዳታ የመጣ፣ አንዱ ታካሚ ሞቶ ቤተሰብ የሰጠን፣ አንዱ በፕሮጀክት የመጣ፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ስትሪፑም አለቀ። ባትሪው አለ፣ ቦርሳው አለ፣ መመሪያው በአራት ቋንቋ አለ። ሰው መጥቶ «ሲስተር፣ የዚህ ስትሪፕ የት ይገኛል?» ሲለኝ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያሉትን ፋርማሲዎች እልከዋለሁ። ግማሹ ሳያገኝ ይመለሳል። ያገኘውም ዋጋውን ሰምቶ ይመለሳል። አንድ ዓይነት መለኪያ ከአንድ በር ቢገባና ስትሪፑ ሳይቋረጥ ቢመጣ እኔ ስለ ምርጫ አንድ ቃል አልተነፍስም ነበር።

እናታችን እዚህ ሲመጡ አንድ ከባድ ነገር አለ፣ መለኪያው አይደለም፣ ቁጥሩ ነው። እናንተ በሚሊሞል ነው የምትለኩት፣ እኛ በሚሊግራም። የእናንተን በ18 ስታባዢው የእኛን ታገኛለሽ። የእናታችን 7.2 እዚህ 130 ነው። አንድ ሽማግሌ ልጃቸው ከውጭ ያመጣላቸው መለኪያ 11 አለ። ቤተሰቡ ከ70 በታች አደጋ ነው ሲባል ሰምቷል፤ 11 ሲያዩ «ሞቱብን!» ብለው ስኳር በውሃ በጥብጠው አጠጧቸው። 11 በእኛ 198 ነው፣ ከፍ ያለ ነው። እኛ ጋ ሲደርሱ 400 አልፎ ነበር። ዳኑ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ያን ቀን አልረሳውም።

ስለዚህ ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፈሽ ከመለኪያው ጋር እሰሪላቸው፦ 4 ማለት 72፣ 7 ማለት 126፣ 10 ማለት 180። መለኪያውን እዚህ ወስዶ ወደ ሚሊግራም አስቀይሩ የሚል ቢመጣ አትስሚው፣ አብዛኛው ከፋብሪካ የተቆለፈ ነው። የሦስት ወሩን ስትሪፕ ከነትርፉ ይዘው ይምጡ፣ በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ። ስትሪፑ ካርቶን ውስጥ ያለችውን ወረቀት አንብቢ፦ እስከ ስንት ከፍታ እንደሚሠራ ተጽፏል። ብዙዎቹ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ይላሉ። አዲስ አበባ ችግር የለም። እንጦጦ ጫፍ ወጥተው ተሳልመው ሲለኩ ግን የሚያዩትን ቁጥር በጥርጣሬ ይዩት።

ከሁለቱ የትኛውን ይዘው ይምጡ ላልሽው፣ ስትሪፑ በእጃችሁ ያለውን። ሌላ መልስ የለኝም።

የአራት ኪሎዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ነርሷ ደወለችልኝ። እናቴ ሌሊት በጨለማ ነው የምትለካው ስላት ዝም ብላ ቆየችና «መብራት የሚያበራ ሞዴል አለው፣ እሱን እናምጣላት» አለችኝ። እዚያው አቅራቢ ጋ ነው፣ ግን ስትሪፑ የሚሰካበት ቦታ ራሱ ይበራል አሉ። ክምችቱንም ጠየቅኋት፣ የኦክላንዱ አባት። አላውቅም፣ ጠይቄ እደውልልሻለሁ አለች። እስካሁን አልደወለችም።

ትናንት ማታ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግተን ተቀመጥን። በአዲሱ ቁልፍ ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጠፍኩበት፣ በጣቷ እንድታገኘው። ሦስቴ ለካች። አራተኛውን እንዳላስለካት ከለከለችኝ፣ «ጣቴ ወንፊት ሆነ» ብላ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ግን ከክፍሏ ሹክሹክታ ሰማሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ከዚያ ትንሽ ዝም አለችና «አሃ፣ አንተ ደግሞ ፈጣን ነህ» አለች።

ጠዋት ቡና ላይ አዲሱን ብልቃጥ አንስታ ወደ ብርሃን አየችው። አፉ ሰፋ ይላል። ሲያልቅ ኮረሪማው ሳይፈለፈል ይገባል አለች።